ሁለት ደረቆች

በኔግሮስ ደሴት ላይ፣ በባኮሎድ ዳር፣
ሸንኮራው ሲቃጠል፣ ሲታጨድ በኅዳር፣
ጥላሸት ይዘንባል፤ በተሰጣው አንሶላ፣
በአውቶቡሱ መስኮት፣ በሕፃናት ገላ።
አባቴ አጫጅ ነበር፤ በቶን የሚከፈል፣
የሱቁ ዕዳ ሲነሣ ግማሹ የሚጎድል።
እኔ ግን ዛሬ ነጭ ካፖርት ለብሼ
ስኳርን ከስኳር እለያለሁ፣ ጠርሙስ አጥቤ ጨርሼ።

ሰው ስኳር አንድ ይመስለዋል፤ ሁለት ነው፣ ተቃቅፎ ያለ፤
ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ ክብደቱ አንዱ ካንዱ ያልጎደለ።
መንታ ናቸው፤ እጃቸው ብቻ ነው የዞረው በሌላ አቅጣጫ፤
ምላስ ግን አይሸወድም፤ ፍሩክቶስ ይጣፍጣል በብልጫ።
«ለዩልኝ» ይላል ፋብሪካው፤ «ይኼ ለጃም፣ ያ ለከረሜላ።»
ማን ይችላል መንታ መለየት፣ ሳያቆስል፣ ሳያጣላ?

ድሮ ሥራው የፒሪዲን ነበረ።
ክሪሳንቶ ነው የነገረኝ፣ ሠላሳ ዓመት ከሱ ጋር የኖረ።
ጠረኑ? የከረመ ዓሣ፣ ፀሐይ ላይ የተረሳ፤
ትታጠባለህ፣ ትታሻለህ፤ እሱ ከቆዳህ አይነሳ።
ሚስቱ ፕሪሚቲቫ ደግሞ የእውነቱን ዓሣ ትሸጣለች፤
ማታ በር ላይ አፍንጫዋን ይዛ
«የኔስ ሽታ ለሆድ ነው፤ ያንተስ ለምንድን ነው?» ትላለች።
«የኔም ለሆድ ነው፤ ስኳር ነው» ይላታል።
«ስኳሩ እንዲህ ከገማ፣ ሬቱማ ምን ይሸታል?»

አልሳቁም። እሷም ደረቅ፣ እሱም ደረቅ፤ ማን ለማን ይታጠፍ?
እሷ አልጋው ላይ፣ እሱ በረንዳው ላይ፣ ትንኝ ጆሮው ሥር ሲያልፍ።
አሥራ አንድ ዓመት።

አምና ዶክተር ማሪቪክ መጣች፣ ነጭ ጨው በላስቲክ ይዛ፤
ኮሊን ነው፣ በዶሮ መኖ ውስጥ እንደ ቅመም የሚነዛ።
ቀጥላም አልኮል አመጣች፣ ከሞላሰስ የተጣራ፣
የሸንኮራው የገዛ ልጁ፣ እናቱን ሊያጥብ የተጠራ።
ጨዉ ደረቅ ነው። ፍሩክቶሱም ደረቅ። ለየብቻ ቢቀመጡ
ዓመት ቢዞር አይለወጡ።
አጠጋጋቻቸው።
ሙቀቱ ለብ ያለ ነበር፣ ለሕፃን ገላ እንደሚለካ።
መጀመሪያ ላብ ብቻ አላባቸው። ከዚያ ረጠቡ። ከዚያ
ፈሰሱ።
ደረቅን የሚያቀልጠው እሳት ብቻ አይደለም ለካ፤
ሌላ ደረቅ ሲነካ!
ግሉኮስ ግን አልተከተለም፤ ከጠርሙሱ ሥር ቀረ፣
ነጭ፣ ዝምተኛ፣ ኩራቱን እንዳከበረ።

ክሪሳንቶ እንደ ልማዱ አፍንጫውን አስጠጋ።
ምንም። ደግሞ አስጠጋ።
ምንም።
«ይኼ አይሠራም» አለ፤ «የሚሠራ ነገር ይሸታል።»
ማሪቪክ ሳቀች። እኔ መዘንኩ። ሠርቷል።

«አረንጓዴ» ይሉታል ይኸን ፈሳሽ፤ እኔ ቀለም አላየሁበትም፤
ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ማር ይወፍራል፣ ቧንቧ ውስጥ አይቸኩልም።
ሁሉ አልተሳካም፤ ጨዉን መልሶ ማውጣት ገና ያታክተናል፤
ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን ሰምቶ «እናስብበት» ብሎናል።
ጥላሸቱም አላባራም፤ የአባቴ ሳል
ዛሬም ከሌሎች ደረት ይሰማል።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ማታ፣ ፕሪሚቲቫ በር ላይ ቆማ
አሸተተችው፤ ሽቅብ ቁልቁል፣ ከአንገትጌው እስከ ጫማ።
«ዛሬ ሥራ አልገባህም እንዴ?»
«ገብቻለሁ።»
ሌላ አልተባባሉም፤ ሁለቱም ደረቅ ናቸው ብያለሁ።
የበረንዳው ምንጣፍ ግን ተጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ አደረ።
በማግስቱ ክሪሳንቶ አርፍዶ መጣ፤
በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እያፈረ።
ካፖርቱን ሊያነሳ ባጠገቤ ሲያልፍ ከሚዛኔ ቀና አልኩ፤
ሸሚዙ ዓሣ ዓሣ ይላል።
የእውነቱን ዓሣ።